ቨርና የማታምነው ሰው

ቨርና ስታኪ የሚስቅላትን ሰው አታምንም። እኔ ዊልማ ጎረቤቷ ነኝ፤ አጥር ለአጥር ተያይዘን አርጅተናል። እስከ ዛሬ ድረስ ሻይ ልቅዳልሽ ስላት መጀመሪያ ዓይኔን ታያለች፣ ቀጥላ ስኒውን።

«ዛሬ ደግሞ ምን ፈልገሽ ነው?» ትለኛለች።

«ሞትሽን!» እላታለሁ። ያኔ ትጠጣለች።

አዲስ ፖስተኛ ከመጣ የመኪናውን ታርጋ በቃሏ ትይዛለች። ፓስተሩ እጇን ረዘም አድርጎ ከጨበጣት «የቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ሊጠገን ነው ማለት ነው» ትላለች። ደሜን የሚያፈላው ደግሞ ብዙ ጊዜ ልክ መሆኗ ነው። በወሩ ስለ ጣራው መዋጮ ይለመናል።

ይሄ ጠባይ እንዲሁ አልመጣም። ሊላንድ የሚባል ታናሽ ወንድም አላት። ሲወለድ ጀምሮ የአእምሮ እድገት ውስንነት አለበት፤ በዚያ ላይ እንቅልፍ ሲወስደው የሚነሳበት የሚጥል በሽታ። በዚያ ዘመን ሐኪሞቹ ለወላጆች የሚሰጡት ምክር አንድ ነበር፤ ስጡንና እርሱት። እናቱ አልቅሳ አልቅሳ ሰጠችው። የወሰዱት ወደ ሰሜን፣ እዚህ አገር ሁሉም ሰው «ግቢው» ብሎ ወደሚጠራው ተቋም ነው። እሁድ እሁድ ቤተሰብ ሲመጣ ፀጉሩ ተበጥሮ፣ ሸሚዙ ተተኩሶ ይጠብቃል። ሠራተኞቹም «ሊላንድ እኮ እንዴት ያለ ደስተኛ ልጅ መሰላችሁ!» እያሉ ጥርሳቸውን ያሳያሉ።

ቨርና መንጃ ፈቃድ ባወጣች ሰሞን አንድ ቀን ለማንም ሳትናገር በሥራ ቀን ሄደች። ያየችውን ለእኔ የነገረችኝ አንዴ ብቻ ነው፤ ሰሃን እያጠበች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ። ልጁ ወንበር ላይ በአንሶላ ታስሯል። ሱሪው ርሷል። የለበሰው ሸሚዝ ላይ የተጻፈው ስም የሌላ ልጅ ነው። ጠባቂዋ ከወንበሯ ተነስታ ቨርናን አየቻት።

«ፈገግ አለች፣ ዊልማ» አለችኝ። «ያንን አጠገቧ አስቀምጣ አየችኝና ፈገግ አለች።»

እናታቸው እንደሞተች ቨርና ከአገር ምድሩ ተጣልታ ወንድሟን አወጣችው። ብዙ ዓመት ከእሷ ጋር ኖረ። በኋላ ግዛታችን እንደ ሊላንድ ያሉ ሰዎች በየራሳቸው ቤት ረዳት ተመድቦላቸው እንዲኖሩ ሕግ ሲያወጣ፣ ከኛ ሰፈር ራቅ ብሎ ትንሽ ቤት አገኘ። ቁልፉን አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፤ ሲተኛም አያወልቀውም። ቀን ቀን ሱፐርማርኬቱ መኪና ማቆሚያ ላይ ሰው ጥሎት የሄደውን ጋሪ እየሰበሰበ ይገፋል። ነፋሱ ጆሮ በሚቆርጥበት ሜዳ ላይ «ጋሪ እየመጣ ነው! ዞር በሉ!» ሲል ድምፁ ቤንዚን ማደያው ድረስ ይሰማል። ማታ ግን ሰው ያስፈልገዋል። በሽታው የሚጥለው በእንቅልፉ ስለሆነ ሌሊቱን ነቅቶ አጠገቡ የሚያድር ሠራተኛ አለ፤ የሚከፈለውም ከግዛቱ በጀት ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ምክር ቤቱ በጀት ላይ ሲቀመጥ ቨርና ምግብ አይወርድላትም።

ሊላንድ ማክሰኞ ማክሰኞ የሚሄድበት ማኅበርም አለው። እሱን መሰል ሰዎች ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ተሰብስበው የራሳቸውን ጉዳይ የሚመክሩበት ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ይጨበጨብላቸዋል። ቡና ቀድተው ቢጠጡ ጭብጨባ፤ ስማቸውን ቢናገሩ ጭብጨባ። አንገሸገሻቸውና ሕግ አወጡ። የተጨበጨበለት ሰው የዚያን ቀን ማን አብሮት እንደነበረ ተነስቶ ስሙን ይጠራል፣ ከዚያ ለዚያኛው ይጨበጨባል፤ ሳይጠራ መቀመጥ የለም። ሊላንድ ይህን ሕግ የትም ይዞት ይዞራል። በልደቴ ቀን ኬኩን ስቆርስ ሲያጨበጭቡልኝ ክንዴን ጨምድዶ አላስቀምጥ አለኝ። ምን ላድርግ፣ ኬኩን የሸጠችልኝን ልጅ ስም ጠርቼ ተገላገልኩ።

እንግዲህ የሌሊት ሠራተኛ አይበረክትም። ደመወዙ የሚያወላዳ አይደለም። አንደኛው ሶፋው ላይ ሲያንኮራፋ ቨርና በመስኮት አየችው። ሌላዋ የሊላንድን ሬዲዮ ይዛ ጠፋች። ባለፈው መኸር ደግሞ ራንዳል የሚባል ግዙፍ፣ ዝምተኛ ሰውዬ መጣ። ከአንገቱ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይላል እንጂ ፊቱ አይፈታም። በሆዴ እሰይ አልኩ፤ ለእሷ የሚሆን ሰው ተገኘ።

«አይስቅም» አለችኝ ቨርና በሳምንቱ።

«እና? ሳቅ አልወድም ስትዪ አልነበር እንዴ?»

«የማይስቅ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ እግዜር ራሱ ቢመጣልሽ መታወቂያ ትጠይቂዋለሽ!»

«ለምን አልጠይቀውም?» አለች፣ ኮስተር ብላ።

የያዘችበት ነገር ቦርሳው ነበር። ሰፊ ሰማያዊ የሸራ ቦርሳ አለው። ማታ ሲገባ አንዳንዴ ጠፍጣፋ ነው፤ ጠዋት ሲወጣ አብጦ ይወጣል። ቨርና መንገድ ማዶ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ በዓይኗ አይታለች። ሄዳ የወጥ ቤቱን ቁም ሳጥን በረበረች፤ ጣሳው አልጎደለም። ሹካ ማንኪያው አለ። ፎጣውም አለ።

«አየሽ፣ ምንም አልጎደለም» አልኳት።

«ያ ነው እኮ የከፋው። ያልጎደለ ነገር የሚሰርቅ ሰው አይቼ አላውቅም።»

በዚህም አልቆመችም፤ ሌሊት ሌሊት ስልክ ትደውላለች። ሰዓቱን እየቀያየረች፣ ተኝቶ ልታገኘው። እሱ ገና መጥራት ሲጀምር ያነሳና «ነቅቻለሁ፣ እትዬ ቨርና። እሱም ተኝቷል» ይላል። ጥርቅም! አንድ ቃል ሳትናገር ትዘጋበታለች። እኔ ብሆን ስልኩን ነቅዬ እጥለው ነበር።

ዘንድሮ በጀቱ ተቦድሷል ተባለ። ቀዳዳውን የሚደፍን ሕግ ረቀቀ፤ ስሙ «የነጻነትና የራስን መቻል አዋጅ»።

«ስሙ እንዲህ ካማረ ውስጡ ምን ቢኖር ነው?» አለች ቨርና።

ውስጡን ሬዲዮ ነገረን። ራሱን ችሎ ይኖራል ለተባለ ሰው የሌሊቱ ሠራተኛ ይቀርና በምትኩ ጣሪያ ላይ መሣሪያ ይሰቀላል፤ ሌላ ከተማ የተቀመጠ ሰው መስኮት በምታክል ስክሪን ይከታተለዋል። መሣሪያው ያልበቃውስ? ለእሱማ ግቢው ውስጥ አልጋ አለ፤ ሕንፃው ቀለም ተቀብቶ ታድሷል። ሊላንድ ቨርና ወጥ ቤት ቆሞ ይህን ሰማ። ሬዲዮኑን ነቅሎ ቁም ሳጥን ውስጥ አስገባና ቆለፈበት። ከዚያ አንገቱ ላይ ያለውን የቤቱን ቁልፍ ይዞ ቆመ።

በዚህ መሃል ነው ሴናተር ፔምብል ብቅ ያሉት። እኒህ ሰው የኛን ወረዳ የወከሉ ናቸው፤ ሱፐርማርኬቱ በር ላይ ሊላንድን ባገኙት ቁጥር ይጨብጡታል። አሁን ደግሞ አዋጁ ድምፅ በሚሰጥበት ቀን ምክር ቤት መጥቶ እንግዳቸው እንዲሆን ጋበዙት። ልማዱ የታወቀ ነው። ተመራጩ ከወረዳው ያመጣውን ሰው ሰገነት ላይ ያስቀምጥና ስሙን ይጠራል፤ እንግዳው ይነሳል፤ ምክር ቤቱ ያጨበጭባል። ሊላንድ በደስታ አበደ። ከረባቶቹን ሁሉ አልጋ ላይ ዘርግቶ ሲመርጥ ዋለ።

«ለምን እሱን?» አለች ቨርና።

«ስለሚያውቁት ነዋ! ሰው ደግ ነገር ሲያደርግ ዝም ብለሽ አመሰግናለሁ ብትዪ ምን አለበት?»

«ያኔ ሲጨብጠው አይቻለሁ። እጁ ሊላንድ ጋ ነው፣ ዓይኑ ካሜራው ጋ።»

ተቆጣኋት። እሷ ለራሷ ደስታ የላት፣ የሰውን ደስታ ታጨልማለች አልኩ። ሊላንድ በበኩሉ አንድ ነገር ብቻ አለ፤ ራንዳል ካልሄደ አልሄድም።

«እኔ አለሁ፣ ዊልማ አለች። እሱ ምን ያደርግልሃል?» አለች ቨርና።

«ራንዳል ካልሄደ አልሄድም።»

ልጅ ሆኖ እንደዚህ ካለ አይመለስም ነበር፤ ሸምግሎም ያው ነው።

በኔ መኪና ሄድን። ራንዳል ሌሊቱን ሲጠብቅ አድሮ ቤቱ እንኳ ሳይገባ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ ከኋላ ተቀመጠ። ቦርሳው አብጧል። ቨርና አጠገቤ ሆና የፊት መስተዋቱን ወደ ራሷ አዞረችው፤ መልሼ አስተካከልኩት፤ እንደገና አዞረችው። ከከተማ ሳንወጣ አፈነዳችው።

«ቦርሳህ ውስጥ ምንድን ነው?»

«ልብስ ነው፣ እትዬ።»

«የማን ልብስ?»

ራንዳል ቦርሳውን በሁለት እጁ ያዘ። ሊላንድ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ጆሮው ደም መስሏል። ቨርና ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ያን ጊዜ እውነቴን ነው፣ እኔም ጠረጠርኩ። ሊላንድ ለምን አፈረ? ይሄ ሰውዬ ልጁን ምን አድርጎት ነው?

ምክር ቤቱ ደጃፍ ስንደርስ ዘቦቹ እንዳያጉላሉን ብዬ ቦርሳው መኪና ውስጥ ይቅር አልኩ። ወንዶቹ ደረጃውን ሲጀምሩ ቨርና ወደ ኋላ ቀረች።

«ቁልፉን ስጪኝ።»

«አልሰጥሽም። የሰው ቦርሳ ነው።»

«ዊልማ፣ ለወንድሜ ነው የምታስቢው ወይስ ለሌባው?»

«ለሁለቱም። ነይ ደረጃውን ውጪ!» አልኳትና ቁልፉን ጡት መያዣዬ ውስጥ ከተትኩት። እዚያ ገብታ አታወጣው።

ሰገነቱ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን፤ ሊላንድ በቢጫ ከረባቱ መሃል፣ ራንዳል ከጎኑ። ከታች ሴናተር ፔምብል ተነሱና ፊታቸውን ወደ እኛ ቀና አደረጉ።

«ወዳጄን ሊላንድ ስታኪን ላስተዋውቃችሁ» አሉ። «ሥራ አለው፤ የራሱ ቤት፣ የራሱ ቁልፍ አለው። ማታ እንደኔና እንደናንተ በሰላም ይተኛል። እንዲህ ያለ ሰው አልጋው ሥር የሚቀመጥበት ባዕድ ምን ያደርግለታል? ይህ አዋጅ ለሊላንድ ነጻነት ነው!»

ምክር ቤቱ በአንድነት ተነስቶ አጨበጨበ። ሊላንድ ተነሳና ከረባቱን አስተካክሎ እጁን አውለበለበ፤ ፊቱ በራ። ቨርናን ዞር ብዬ ባያት ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

«ሸጡት» አለችኝ። «ዓይኔ እያየ በራሱ ፊት ሸጡት።»

ለካ እኔ ነኝ ጅሏ፤ እሷ ገና ሲጋበዝ አውቃዋለች። ተነስታ እንዳትጮህ ደግሞ ከሰገነት መናገር ክልክል ነው፤ ያስወጧታል። ከታች ያሉት ተቀመጡ፤ ሰብሳቢው ወደ ድምፅ አሰጣጡ ሊገቡ አፋቸውን ከፈቱ። ሊላንድ ግን አልተቀመጠም። የራንዳልን እጅጌ ይዞ ይጎትታል። ያን ግዙፍ ሰውዬ ጎትቶ ጎትቶ አስነሳው። ያኔ ነው የማክሰኞው ሕግ ትዝ ያለኝ።

«ይሄ ራንዳል ነው!» አለ ሊላንድ። በዚያ ጋሪ ሲገፋ በሚጮህበት ድምፁ ነው ያለው፤ ከታች የነበሩት አንገታቸውን ወደ ላይ አሰገጉ።

ሰብሳቢው በመዶሻቸው መቱ። «ሰገነት ላይ ያላችሁ እንግዶች፣ እባካችሁ ተቀመጡ።»

«አልጨረስኩም» አለ ሊላንድ። «ሕግ ነው። ራንዳል ትናንት አብሮኝ ነበር። ሌሊት ስወድቅ ጭንቅላቴን ይይዝልኛል። እንዳልታፈን በጎኔ ያስተኛኛል። ትናንትም ወድቄያለሁ። አንሶላዬ ሲረጥብ ይቀይርልኛል። ሱሪዬንም። ቤቱ ወስዶ ያጥበዋል፣ ቨርና እንዳታይ። አትንገራት ብዬዋለሁ። ቨርና ካወቀች አትተኛም።»

እዚህ ላይ ቆመ። ቀስ ብሎ እህቱን አያትና አፉን በእጁ ያዘ።

«ውይ! ተናገርኩት።»

ዘቡ በወንበሮቹ መሃል እየመጣ ነው። ሊላንድ እጁን ከአፉ አወረደ። «በሉ አሁን ለእሱ አጨብጭቡ» አለ።

ማንም አላጨበጨበም። ከታች ያሉት የጠረጴዛቸውን ወረቀት እያዩ ነው። ሴናተር ፔምብል ያን ፈገግታቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸዋል። ከጎኔ ጧ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቨርና ናት። ዓይኗን ከሴናተሩ ሳትነቅል፣ ሰው በጥፊ የምትመታ ይመስል ታጨበጭባለች፤ እንባዋ በአገጯ ላይ ይወርዳል። እኔም ተከተልኳት። ከታች አንዲት አሮጊት ተመራጭ ተነስተው አጨበጨቡ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ የኋላ ወንበሮቹ። ራንዳል የሚገባበት ጠፍቶት ጫማውን ያያል።

የዚያን ቀን ድምፅ አልተሰጠም። የሌሊት ሠራተኞቹ አንቀጽ ለተጨማሪ ጥናት ወደ መኸር ይተላለፍ ተባለ። ኮሪደሩ ላይ ሴናተሩ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው መጡ። ቨርና እጁን አየችው እንጂ አልነካችውም።

«ሌሊት እንደሚወድቅ ታውቅ ነበር?» አለችው፣ አንተ ብላ።

«እመቤቴ፣ እኔ እንኳ ቀን ላይ ሳየው…»

«ጠይቀኸዋል ወይ ነው የምልህ።»

ሰውየው ሰዓታቸውን አዩና ስብሰባ አለብኝ ብለው ሄዱ።

ስንመለስ መስተዋቱን አልነካችውም። ስለ ቦርሳውም አላነሳችም። ሊላንድ ከኋላ ሆኖ «ቨርና፣ ተቆጣሽ?» አላት።

«ዝም በል» አለችው። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ለጥናት ይሉታል። ስሙን ቀይሮ ይመለሳል፤ ታያላችሁ» አለች። እኔም ይመለሳል ብዬ ነው የማምነው። አሁንስ ከእሷ ጋር መከራከር ትቻለሁ።

በማግስቱ ጠዋት እንቁላል ጠብሼ ይዤላት ሄድኩ። ዓይኗ አብጧል፤ ተኝታ ይሁን አልቅሳ አልጠየቅኳትም። እንቁላሉን እንኳ ሳትመረምር ሹካ አነሳች። ስልኩ ጮኸ። ድምፁ ወፍራም ስለሆነ እኔም ጋ ይሰማል፤ ራንዳል ነው።

«እትዬ ቨርና፣ ደህና አደሩ? ምነው ሌሊቱን አልደወሉም? አሞዎት ይሆን ብለን ሰጋን። ሊላንድም ሁለቴ ነቅቶ ደውላለች ወይ አለኝ።»

ቨርና አፏን ከፈተች። አሁን ምን ፈልገህ ነው ልትለው ነው ብዬ ጠበቅኩ። አላለችም። ሹካውን አስቀመጠች።

«ዛሬስ የረጠበ አንሶላ ነበር?» አለችው።

ራንዳል አትንገራት ተብሎ ቃል የገባ ሰው ነው፤ ምን ይበል? ቀፎው ሲንኳኳ ተሰማ፣ ከዚያ የሊላንድ ድምፅ መጣ፤ ያ ሜዳ ሙሉ የሚሰማው ድምፅ ሳይሆን ቀጭን፣ የልጅነቱ።

«ነበር» አላት።

ቨርና ወንበር ላይ በአንሶላ ታስሮ ያገኘችው ልጅ ፊቷ የቆመ መሰለኝ። ከዚያ በአይበሉባዋ አፍንጫዋን ጠረገች።

«ለራንዳል ንገረው» አለችው። «ቤቱ አይውሰደው። ቦርሳውን ይዛችሁ ወደዚህ ኑ፣ ማጠቢያ ማሽን አለኝ። እንቁላልም አለ።»